ግማሽ ክኒን ማንን ገደለ

«ደምህ ውስጥ የተገኘውን መድኃኒት ከየት አመጣኸው ሲሉህ ምን አልካቸው?»

«ከመንገድ ላይ ገዛሁ አልኩ።»

«ለምን እንዲህ ትላለህ?»

«ታዲያ ምን ልበል? እናትሽን ልክሰስ?»

እማማ ፍቱን ይህን የሰሙት ፊታቸውን ሊታጠቡ ገብተው ቧንቧውን ገና ሳይከፍቱት ነው። መታጠቢያ ቤቱና የልጃቸው መኝታ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ከላይ በኩል ደግሞ ለአየር ተብሎ የተተወ ቀዳዳ አለ። ሰው ሊያደምጡ ብለው አልቆሙም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስልክ ቤት ተቀምጠው መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የሰው ምስጢር በአንዱ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። ይኼኛው ግን አልወጣም። ፎጣቸውን እንደያዙ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከግድግዳው ባሻገር የቁም ሣጥን በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ ልጃቸው አፍንጫዋን ስትናፈጥ።

ለእሳቸው የተነገራቸው ሌላ ነበር። ባለፈው ሳምንት አማቻቸው የሚነዳው የከተማ አውቶቡስ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ እግረኛ መሄጃው ላይ ወጥቶ የመብራት ምሰሶ ገጭቶ ሲቆም «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ተባሉ። አምነው፣ ሳምንቱን ሙሉ መካኒኮቹን ሲራገሙ ሰነበቱ። አንዲት በእሳቸው ዕድሜ ያለች ተሳፋሪ ከመቀመጫዋ ተወርውራ ዳሌዋ መሰበሩን የሰሙ ዕለትም ያለቀሱት ለማያውቋት ሴት ሆዳቸው ስላዘነ እንጂ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሳቸው ደጃፍ ይደርሳል ብለው አልነበረም።

ፍቱን እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ ጎረቤት ነው ያወጣላቸው። ወገባቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ሐኪሙ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ አዘዘላቸው፤ ነጭ፣ ክብ፣ መሐሏ ላይ መስመር ያላት ክኒን። ጉድ የሠራቻቸው ያቺ መስመር ናት፤ ለሰው እንዲያካፍሉበት የተሠመረች መሰለቻቸው። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ጥርሷን ሲያማት ግማሽ፤ የሕንጻው ዘበኛ ሚስት ራስ ምታት ይዞ ሲያስጮኻት ግማሽ፤ ፈተና ደርሶባት እንቅልፍ እምቢ ላላት ተማሪ ሩብ። በኩሽና ቢላዋ ቆርጠው፣ በሻይ ማንኪያ አድርገው፣ «ዋጭና ተኚ» ብለው ይሰጣሉ። አንዳንዷ ፈራ ተባ ስትል «ግማሽ ክኒን ማንን ገደለ!» ይሏታል። የመድኃኒት ቤቷ ሴት «ለእርስዎ ብቻ ነው፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ» እያለች ስታሳስባቸው እንደ ስብከት ሰሚ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን አጠገባቸው ሰው እያቃሰተ መድኃኒት ቆልፎ መቀመጥ የድንጋይ ሆድ ይጠይቃል ባይ ናቸው። ወገባቸው ሲሻላቸውም ማዘዣ ማሳደሱን አልተዉትም። ለክፉ ቀን ይሁን ብለው ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር በራቸው ሲንኳኳ ደስ ይላቸዋል። ከስልክ ቤት ከወጡ ወዲህ «እማማ አሉ?» ብሎ የሚመጣ ሰው ያገኙት በዚያች ብልቃጥ ነው።

ለአማቻቸውም ሰጥተውታል፤ ያውም ሳይለምናቸው። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ውሎ ማታ ደረጃውን ግድግዳ እየተደገፈ ሲወጣ አይተው «ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን ሞክራት» ያሉት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ሲነሳ «እማማ፣ ወገብ እንዳለኝም ረሳሁ» ብሏቸው ስቀው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለቴ ይሁን ሦስቴ ሰጥተውታል። ደረጃው እየከበዳቸው ከመጣ ወዲህ መድኃኒቱን በየወሩ እየሄደ የሚያመጣላቸውም እሱ ነው። ብልቃጡ ጎደለ አልጎደለ ብለው አይተው አያውቁም፤ በቤት ውስጥ እየቆጠረ የሚያስቀምጥ ስስታም ነው እየተባሉ ያደጉ ሴት ናቸው።

ቁርስ ቀረበ። ልጃቸው ዳቦ ቆርጣ ሰሃኑን መሐል አደረገችው። ዓይኗ አብጧል። አማቻቸው ሻይውን ሁለት እጁን ብርጭቆው ላይ ጠቅልሎ ነው የሚጠጣው፤ በአንድ እጅ ቢያነሳው የሚፈስ ይመስላል። «በረደህ እንዴ?» አሉት። «ትንሽ» አላቸው። መስኮቱ ተከፍቶ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። «ከሰዓት ስብሰባ አለብኝ፣ ዴፖ» አለ ቀጥሎ፣ ለሻይው እንደሚናገር። «ስለ ፍሬኑ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ አፋቸው ላይ የመጣላቸው ይኸው ነበር። ባልና ሚስቱ ተያዩ። «አዎ፣ ስለ ፍሬኑ» አለች ልጃቸው፤ የምትሠራበት ጫማ መሸጫ እንዳይረፍድባትም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ሁሉም ሲወጣ ብልቃጡን ከኮመዲኖው አውጥተው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። በሦስት ወር የተጠራቀመ ነው ብለው የሚያስቡት ክኒን መዳፋቸውን እንኳ አልሸፈነም። መልሰው ከተቱት። ባይገባቸው ኖሮ ደስ ባላቸው፤ ግን እጃቸው እየከተተ ሳለ ገብቷቸዋል። ቢሆንም ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ መንገድ አያጣም፤ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለተማሪዋ፣ ለእንትና እያሉ ሲደለድሉት ቆዩና ወጪው የራሳቸው ቸርነት ነው ብለው ደመደሙ። የሚሉትንም አዘጋጁ። «መድኃኒቱን ከመንገድ አልገዛም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ለወገቡ፤ ግማሽ።» አሮጊትን ምን ያደርጓታል? ቢበዛ ይቆጧታል። እሱ ግን ከመንገድ የሚገዛ ሱሰኛ ተብሎ ከሚባረር፣ የአማቱን ቃል የሰማ የዋህ ተብሎ ምሕረት ያገኛል። ብልቃጡን ለምስክርነት ቦርሳቸው ውስጥ ጣል አድርገው፣ የቤት ነጠላ ጫማቸውን በሸራ ጫማ ቀይረው ወጡ።

ዴፖው ሰፊ ግቢ ነው። መሬቱ ናፍጣ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ በአንድ ወገን የተሰለፉ አውቶቡሶች ይታጠባሉ፣ በሌላው ወገን ፈረቃቸውን የሚጠብቁ ሾፌሮች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የማን ቤተሰብ እንደሆኑ ጠየቃቸው። ባልደረቦቹ አማቻቸውን በምን እንደሚጠሩት ያውቃሉና «የዝምታው አማት ነኝ» አሉ። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሣ።

«እማማ ፍቱን?»

ደነገጡ። ይህ ስም ከሕንጻቸው ደረጃ አልፎ የሚያውቅ አልመሰላቸውም ነበር። «ማን ነገረህ ስሜን?»

«ኧረ እርስዎን የማያውቅ ማን አለ? ይግቡ፣ ይግቡ እናቴ። ጉልበቴን እኮ እርስዎ ነዎት ያቆሙልኝ።» እጃቸውን ይዞ አስገባቸው።

ወደ ቢሮው የሚወስደው መንገድ በጎማዎቹ አጠገብ ያልፋል። ቀይ ሹራብ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሾፌር ካርታውን ጥሎ እየሳቀ መጣ። ስማቸውን ከጥበቃው ሰምቷል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ እናቱን እንደሚያገኝ ሰው ትከሻቸውን አቀፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይዘው መጡ እንዴ እማማ? ዝምታው ከታገደ ወዲህ እኮ ደረቀብን» አላቸው።

«ምኑ?»

«ያቺው ነጯ ናታ።»

እማማ ፍቱን ቦርሳቸውን ወደ ሆዳቸው አስጠጉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩ የኖሩበት የስልክ ቤት ድምፅ፣ ያ ለስላሳውና ምንም የማያስነቃው፣ ከየት እንደመጣ ሳያውቁት መጣላቸው። «ስንት ስንት ነው የምትወስዱት ልጄ?»

«እኔ ለፈረቃ አንዷ ትበቃኛለች። ደረብ ያለ ቀን ሁለት። መጀመሪያ ለወገብ ነበር፤ አሁን ግን እንጃ፣ ካልዋጥኳት መሪው ራሱ ይከብደኛል።» እንደ ቀልድ ነው ያወራው። «ዝምታው መቼም ባለውለታችን ነው። በነፃ ይሰጥ ነበር መጀመሪያ። ኋላ ትንሽ ተቀበለን፣ አይፈረድበትም።»

«ዛሬስ?»

«የመጨረሻዋን አሁን ምሳ ላይ ዋጥኳት» አለና ከኋላው ሞተሩ ተነሥቶ ወደ ቆመው አውቶቡስ በአገጩ አሳየ። «ልወጣ ነው፤ ተራዬ ደርሷል። ከተመለስኩ ግን እንነጋገራለን፣ እሺ እማማ?» የአውቶቡሱ በር ክፍት ነው። ሰው እየገባ ነው፤ የገበያ ዘንቢል የያዙ ሴቶች፣ ሕፃን ያዘለች፣ ደብተራቸውን ጭን ላይ አድርገው መስኮት መስኮቱን የያዙ ተማሪዎች።

ወደ ቢሮው ገብተው ኮሪደሩ ውስጥ የነበረችው አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያዘጋጁት ንግግር ከአፋቸው ጠፍቷል። ለሰው እጅ የዘረጉ መስሏቸው ነበር፤ እጃቸው ከኋላቸው የት የት ደርሶ ሲሠራ እንደከረመ አሁን ገና አዩት። አማቻቸው ሌባ ነው? ነው። ልጃቸው የምትወደው፣ ዝናብ ሲዘንብ የእሳቸውን ጫማ ከበረንዳ የሚያስገባ ሌባ። ገብተው ግማሽ ሰጠሁት ቢሉ ምናልባት ያድኑታል። ቀዩን ሹራብ ቢናገሩ ደግሞ የዝምታውን ንግድ በገዛ አፋቸው መናገራቸው ነው። ውጭ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ተነሥተው የስብሰባውን በር ሳያንኳኩ ከፈቱት።

ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የሰው ኃይል ኃላፊው፣ የሾፌሮች ተወካይና የድርጅቱ ክሊኒክ ነርስ። አማቻቸው ከፊታቸው ባለች አንዲት ወንበር ላይ፣ ፎቶ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያያቸው ብድግ ሊል ቃጣውና መልሶ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ስብሰባ ላይ ነን» አለ ኃላፊው።

«መድኃኒቱ የእኔ ነው» አሉ እማማ ፍቱን። «መጀመሪያ የሰጠሁትም እኔ ነኝ፣ ከመንገድ አልገዛም። የቀረውን እሱ ይንገራችሁ። አሁን ግን ሊወጣ የተነሣውን አውቶቡስ አስቁሙልኝ።»

«የቱን አውቶቡስ?»

አማቻቸውን አዩት። ራሱን በጣም በቀስታ፣ ለእሳቸው ብቻ በሚታይ ሁኔታ፣ ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ያ ቀጭን ሰው ትከሻቸውን ያቀፈበት ቦታ ገና ይሞቃቸዋል።

«ቀይ ሹራብ የለበሰው፣ ረጅሙ» አሉ። «ውጦ ነው የሚነዳው።»

ኃላፊው ስልኩን አንሥቶ ስምሪት ክፍል ደወለ። በመስኮቱ ሲያዩ አውቶቡሱ የግቢው በር ላይ ደርሶ ቆመ፤ አንድ ሰው እየሮጠ ሄዶ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገረ። ሾፌሩ ወረደ። ተሳፋሪዎቹ እያጉረመረሙ ዘንቢላቸውን ይዘው ተከትለው ወረዱ። ቀጭኑ ሰው ወደ ቢሮው መስኮት ቀና ብሎ አየ። እማማ ፍቱንን አያቸው። ይሰድበኛል ብለው ጠብቀው ነበር። አልሰደበም፤ ያልገባው ነገር እንዳለው ሰው ብቻ ቆሞ አያቸው። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ያን ቀን የተወሰነ ነገር የለም። አማቻቸው የጠየቁትን ሁሉ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ፣ «አዎ» እያለ መለሰ። ከእንግዲህ መሪ እንደማይጨብጥ ብቻ ተነገረው፤ የቀረው ምርመራ ይጠብቀዋል፣ እሳቸውም መጠራታቸው አይቀርም። ነርሷ እስከ ክሊኒኳ ድረስ ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ወጣት ናት፣ አትቆጣም። ቁጣዋን ተዘጋጅተው ስለጠበቁት አለመቆጣቷ አስጨነቃቸው።

«ለእርስዎ ሕመም ተመጥኖ የታዘዘ ነው፤ በእርስዎ ኩላሊት፣ በእርስዎ ዕድሜ» አለቻቸው። «ለሌላው ሰው መጀመሪያ እፎይታ ነው፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ነው፣ ሲደጋገም ደግሞ ያለ እሱ መቆም ያቅተዋል። መጥፎ ሰው ስለሆነ አይደለም እማማ። መድኃኒቱ እንዲያ ስለሚያደርግ ነው።»

«ግማሽ እኮ ነበር ልጄ።»

«ሁሉም በግማሽ ነው የሚጀምረው።»

ከብልቃጡ ውስጥ የሐኪም ቀጠሯቸው እስኪደርስ ለራሳቸው የሚበቃውን ትታ የቀረውን ወደ መድኃኒት ቤት እንዲመለስ ፈርማ ተረከበቻቸው። የተተወላቸውን ቆልፈው፣ ቁልፉን ከራሳቸው እንዳይለዩ ነገረቻቸው። ስለ አማቻቸውም፣ «ነገ በማለዳ እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይምጡ፤ ሐኪሙ ጋ አብሬያችሁ እገባለሁ። ዛሬ ማታ ያልበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ አጥንቴን አጥንቴን ይላል። ብቻውን አይተዉት። ትንፋሹ ወይ ልቡ ካስፈራዎ ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ቢለምንዎትም እንዳይሰጡት» አለቻቸው። «እሺ» አሉ፤ ይህንን እሺ ሲሉ አንገታቸውን አልነቀነቁም።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለሱ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው መቀመጫ ላይ ተቀምጠው መንገዱን በሙሉ የሰውዬውን ማጅራት ሲያዩ ሄዱ። ወፍራም፣ በወጉ የተላጨ ማጅራት ነው። አንድ ጊዜ ወደ ደረቱ ዘንበል ሲል መተላለፊያው ላይ ያለውን ብረት ጨብጠው ግማሽ ተነሡ። ሰውዬው የተከፈለበትን ትኬት ሊያይ ነበር ያጎነበሰው። አጠገባቸው ያለችው ሴት «አመመዎት እንዴ?» አለቻቸው። «ወገቤን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆመውበታል።

ልጃቸው ከእሳቸው ቀድማ ቤት ገብታለች። ወሬው በስልክ ደርሷታል። ኩሽና ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ድንች ትልጣለች፤ የተላጠው ድንች የተከመረው ለሦስት ሰው አይመስልም።

«ልታድኚው ነው የሄድሽው ወይስ ልትቀብሪው?» አለች ሳትዞር።

«ላድነው ነበር።»

«እሺ፣ እሱስ ባሌ ነው፣ እንደፈለግሽ አድርጊው። ያ ሰውዬ ግን ምን አደረገሽ? ሚስቱ እርጉዝ ናት። ታውቂያለሽ? ልትወልድ ወር የቀራት ናት።»

«አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር» አሉ እማማ ፍቱን።

«መጀመሪያ ማን ነው የሰጠው እማዬ?» ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ ወገቡን አሸው ነበር እኮ። በየማታው አሸው ነበር። ‹ተይው፣ ሳትደክሚ ይቺን ይዋጥ› ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ይህንን ረስተውት ነበር። ልጃቸው እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋችው። እማማ ፍቱን የቀሩትን ድንቾች ውሃ ውስጥ ከተው፣ ምድጃውን አጥፍተው፣ ሳሎን ሄደው ተቀመጡ።

አማቻቸው የመጣው ቀኑ ሊመሽ ሲል ነው። ከዴፖው በእግሩ ነው የመጣው። ጃኬቱን ሳያወልቅ ከፊት ለፊታቸው ያለው ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይሠራል፤ ማንም አያየውም። ግንባሩ ላይ ያለው ላብ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ያብለጨልጫል፤ ጉልበቱ የራሱ ሐሳብ እንዳለው ሁሉ ወደላይ ወደታች ይላል።

«አልተቆጣሁብዎትም» አለ በመጨረሻ።

«ብትቆጣም አይፈረድብህም።»

«ያን ቀን አውቶቡሱ ምሰሶውን ገጭቶ ሲቆም… ሰው ሲጮህ እኔ ከሩቅ ነው የሰማሁት። የሌላ ሰው አውቶቡስ መስሎኝ ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። «እማማ፣ አንድ ብቻ ይስጡኝ።»

ላቡን እንዲጠርግበት ነጠላቸውን አቀበሉት።

«እስከ ነገ እንድቆይበት። ነገ ከእርስዎ ጋር እሄዳለሁ፣ አልዋሽዎትም። አንድ። ግማሽም ትሁን።»

«አይሆንም ልጄ።»

«እርስዎ እኮ ለማንም እምቢ ብለው አያውቁም።»

«አላውቅም» አሉ። «አላውቅበትምም። ግን የለም።»

«ነገ ሩቅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

የእሳቸውም ክኒን ሰዓቱ አልፏል። ወገባቸው ከታች ጀምሮ ፍም እንደተደረደረበት ይለበልባቸው ጀምሯል፤ አሁን ካልዋጡ ሌሊቱን ተቀምጠው መጠበቅ ቀርቶ ቀና ማለት እንደማይችሉ ያውቁታል። ኮመዲኖው ቁልፍ ስለሌለው ብልቃጡን በመሐረብ ቋጥረው ጡታቸው ሥር ይዘውታል። በእሱ ዓይን ፊት አውጥተው መዋጥ አልቻሉም። ጥለውት ወደ ሌላ ክፍል መሄድም አልቻሉም፤ ብቻውን አይተዉት ተብለዋል። የሶፋውን ክንድ ጨብጠው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ሲለዋወጥ ያየው እሱ ነው።

«የእርስዎን አልዋጡም» አለ።

«ይቆየኛል።»

አያቸው። ዓይኑ ወደ ደረታቸው ሄደ፣ እዚያ ቆየ፣ ከዚያ በግድ ተመለሰ። ጃኬቱን እላዩ ላይ ሰበሰበና ሶፋው ላይ ዞሮ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ።

«አላይም» አለ። «ይዋጡ።»

እማማ ፍቱን መሐረቡን ፈቱ። ብልቃጡ እንዳይንኮሻኮሽ በመዳፋቸው አፍነው አንዷን አወጡ። ውሃው ያለው እሱ አጠገብ ነው። ሳይጠጡባት፣ ምሬቷ ጉሮሯቸው ላይ እየቀረ፣ በምራቃቸው ዋጧት። የሚንቀጠቀጠው ትከሻው አልዞረም።